ጥሩ አክሰስ ፖይንት፣ ቸልተኛ የፓስወርድ ገጽ

ለቢሯችን ገዝተን ጣሪያ ላይ የሰቀልነው ይህ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሠራጭ መሣሪያ) ሦስት ክፍሎችንና ኮሪደሩን ሳይቆራረጥ ስለሚያዳርስ በሲግናሉ በኩል የማነሣው ቅሬታ የለኝም። ቅር ያሰኘኝ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ እርሱም የዋይፋዩ ፓስወርድ የሚገባበት የደኅንነት ማስተካከያ ነው።

ገጹ በቅድሚያ የጥበቃውን ዓይነት ያስመርጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው፣ በ2001 በቀላሉ እንደሚሰበር የታወቀውና በ2004 የተሻረው ዌፕ (WEP) የተባለ የጥበቃ ዘዴ ዛሬም ከምርጫዎቹ መካከል፣ ያውም በመጀመሪያው መስመር ላይ መገኘቱ አስገርሞኛል፤ ነገሩን የማያውቅ ሰው የመጀመሪያውን ተጭኖ ሊያልፍ ይችላልና።

እኛ በመጀመሪያ ከእርሱ በኋላ የመጣውን ደብሊውፒኤ 2ን (WPA2) መረጥን። በዚህ ዘዴ ፓስወርዱ ከ8 እስከ 63 ፊደላትና ምልክቶች ሊኖሩት ይገባል፤ ገጹ ግን ይህን የትም አይገልጽም። በአማርኛ ኪቦርድ የጻፍነውንም ያለ ምንም ማብራሪያ «ልክ አይደለም» ብሎ መለሰው። መስፈርቱ የሚፈቅደው በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ላይ ያሉትን ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች ብቻ መሆኑን አንድ መስመር ጽሑፍ ሊያስረዳን በቻለ ነበር። በመጨረሻ እርስ በርስ የማይያያዙ አራት የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል ጻፍን፤ ለማስታወስ ቀላል ቢሆንም ‹ጠ›ን አንዱ በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሁለት ስለሚጽፈው እንግዳ በመጣ ቁጥር ፊደል በፊደል መጥራት ግድ ሆኗል።

ከሁሉ የከፋው የምንጽፈው ነገር በነጠብጣብ መሸፈኑ ነው። የተጻፈውን የሚያሳይ ቁልፍም ሆነ ፓስወርዱን ደግሞ የሚያስጽፍ ሁለተኛ ሳጥን የለም። ከቴሌግራም ገልብጠን ስንለጥፈው መጨረሻው ላይ አንድ ባዶ ቦታ አብሮ ገባ፤ ባዶ ቦታም እንደ ፊደል ስለሚቆጠር ገጹ ተቀበለው፣ ስልኮቻችን ግን አንድም ሳይቀር አልገናኝ አሉ። ግንኙነቱን የሚጠብቀው ምስጢራዊ ቁልፍ ከፓስወርዱና ከኔትወርኩ ስም ተጣምሮ በ4096 ዙር ስሌት የሚወጣ በመሆኑ የአንድ ፊደል ልዩነት ፈጽሞ ሌላ ቁልፍ ያስገኛል፤ ስልኩም ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ ሊናገር አይችልም። ላፕቶፑን በገመድ አገናኝተን ዳግም እስክንጽፈው ድረስ ግማሽ ቀን ባከነ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነውን ደብሊውፒኤ 3ን መደገፉ ትልቅ ብልጫው ነው፤ ይህ ዘዴ በአየር ላይ የተጠለፈ ግንኙነትን ይዞ ፓስወርዱን በሌላ ቦታ በግምት የመፈለግን መንገድ ይዘጋል። የቆየው ፕሪንተራችን ግን ስለማያውቀው አሁን ደብሊውፒኤ 2ንና 3ን በሚያጣምረው ምርጫ እየሠራን ነው።

ዕቃውን የሚገዛ ሰው ፓስወርዱን በኖትፓድ ላይ ጽፎ፣ ከፊትም ከኋላም ባዶ ቦታ አለመኖሩን አይቶ፣ ከዚያ ገልብጦ ይለጥፈው።