ለቤት ማዳመጫ የትኛው ሄድፎን? አምፕሊፋየርስ ያስፈልገዋል?

ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራዮች ነን። ግድግዳው ስስ ነው። አጠገቤ ያለችው ልጅ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ ስለምትሠራ እንቅልፏ ውድ ነው፤ እኔ ደግሞ ሙዚቃ ሳልሰማ ቀኑ አይመሽልኝም። ስፒከር መክፈት ስለማይሆን ላለፉት ስድስት ዓመታት ትርፍ ገንዘቤ የሄደው ለሄድፎን ነው። አንዳንዱን ገዝቼ፣ አንዳንዱን ከወዳጅ ተውሼ ሳምንት ሁለት ሳምንት አብሬው ሰንብቻለሁ። ይህን የሚያውቁ ሰዎች የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «አምፕሊፋየር ብገዛለት ይሻሻል ይሆን?»

ብዙ ጊዜ አይሻሻልም። የአምፕሊፋየር ሥራ ጉልበት መስጠት ነው፤ የሄድፎኑን ጠባይ አይለውጥም። ድምፁ የታፈነ ሄድፎን አምፕሊፋየር ሲሰጡት ጮክ ብሎ የታፈነ ይሆናል። ስለዚህ ከያዛችሁት ገንዘብ ከአምስት እጅ አራቱን ሄድፎኑ ላይ አውሉት። የቀረችው አንድ እጅ ለአምፕሊፋየሩ ትበቃለች፤ አንዳንዴም ጭራሽ አትነካም።

ዋጋ የምጠራው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ በብር የጻፍኩት ዋጋ ቶሎ ያረጃል። ደግሞም እነዚህ ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው።

መጀመሪያ ቤታችሁን እዩ

ሄድፎን ዝግ አለ፣ ክፍት አለ። የዝጉ ጀርባ የተደፈነ ነው፤ ድምፅ ብዙም አያወጣም፣ የውጭውንም ይከላከላል። የክፍቱ ጀርባ እንደ ወንፊት ነው፤ እናንተ የምትሰሙትን አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ይሰማል፣ እናንተም የቡናውን ሙቀጫ ትሰማላችሁ። ታዲያ ክፍቱን ሰው ለምን ይገዛዋል? አየሩ ስለማይታፈን ነው። ድምፁ ከራስ ቅል ውስጥ ወጥቶ ዙሪያችሁ የተዘረጋ ይመስላል፤ ጆሮም አይታመቅም፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢቆዩበት አይሰለችም።

ሐዋሳ ላይ ይህ ምርጫ ከየትኛውም የፋብሪካ ስም ይቀድማል። ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ወዳጄ ብቻውን የሚኖርበት ሰፊ ግቢ አለው፤ ማታ ከእንቁራሪት በስተቀር የሚሰማ የለም። ለእሱ ክፍት ሄድፎን ነው የሚሆነው። መንገድ ዳር ተከራይቶ ባጃጅ ከመስኮቱ ሥር የሚያልፍበት ሰው ግን ክፍት ገዝቶ ባጃጅ ነው የሚያዳምጠው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ሐምሌን አስቡ፤ ዝናቡ ሲወርድ ዝጉም እንኳ በግድ ነው የሚችለው። አልጋ ላይ ሰው አጠገባችሁ የሚተኛ ከሆነም ዝግ ያዙ።

ሙቀቱም አለ። ከሰዓት በኋላ በሰው ሠራሽ ቆዳ የተሸፈነ የጆሮ ትራስ ያልባል፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ይላጣል። የቬልቬት ዓይነት ጨርቅ ያለው ብዙ ይሻላል።

ጎን ለጎን

ልብ ብዬ ያነጻጸርኳቸው ሁለቱ የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ፣ የ80 ኦሙ (ኦም ሄድፎኑ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት ነው)፣ እና የዜንሃይዘር ኤችዲ 560ኤስ ናቸው። የመጀመሪያው ዝግ ነው፣ ሁለተኛው ክፍት። 560ኤስ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ ዋጋው 200 ዶላር ገደማ ነበር፤ 770 ከዚያ ትንሽ ይረክሳል። ክብደታቸው ተቀራራቢ ነው፤ 770 ወደ 270 ግራም፣ 560ኤስ ወደ 240 ግራም።

መፈተኛዬ በገና ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ በየቤቱ ስለሚሰማ ድምፁን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወፍራሞቹ ጅማቶች እጅግ ዝቅ ያለ ድምፅ ያወጣሉ፤ በጅማቱና በድልድዩ መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ ደግሞ ያንን የታወቀ ንዝረት ይሰጠዋል። ስለዚህ አንዱ መሣሪያ ሄድፎኑን ከታች ከባሱ፣ ከላይ ደግሞ ከንዝረቱ በኩል አንድ ላይ ይፈትነዋል። 770 በገናውን ያገዝፈዋል፤ ደረት ላይ ያርፋል፣ ደስ ይላል፤ ግን ወፍራሞቹ ጅማቶች እርስ በርስ ይደራረባሉ። በ560ኤስ አሥሩም ጅማት ለየብቻው ይቆማል፤ የደርዳሪው ጣት ከጅማቱ ሲነሣ ይሰማል። ግርማው ግን ይቀንሳል። በገናን ለጸሎትና ለተመስጦ የሚሰማ ሰው 770ን ቢመርጥ አልፈርድበትም። እኔ 560ኤስን መረጥኩ።

ከካሴት በተቀዱ የድሮ ዘፈኖች ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። 770 ከ8 ኪሎኸርዝ ወዲያ ያለውን ቀጭን ድምፅ ያጎላዋል፤ የካሴቱን ሹሹታ እና የዘፋኟን «ሽ» እና «ስ» ጆሮ ላይ ይተክላቸዋል። ሙሉ ምሽት የድሮ ትዝታ ለሚሰማ ሰው ይህ ያደክማል። አዲስ፣ በጥሩ ስቱዲዮ የተቀዳ ሥራ ላይ ግን ያው ጠባይ ክራሩን ብሩህ ያደርገዋል፣ ከበሮውም ይመታል። 560ኤስም ቀጭኑን ድምፅ አይደብቅም፤ ሆኖም አይወጋም።

አንድ ነገር 770ን ያስመሰግነዋል፦ ጥንካሬው። ጀርመን አገር የሚሠራ ነው፤ ትራሱ፣ የራስ ማሰሪያው፣ የውስጥ ድምፅ አውጪው ሳይቀር መለዋወጫው ይሸጣል። መጥፎው ገመዱ አለመነቀሉ ነው። 3 ሜትር ገመድ ወንበር እግር ሥር ገብቶ ቢቆረጥ የሚብየድለት ሰው መፈለግ ነው። የ560ኤስ ገመድ ይነቀላል።

ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤም40ኤክስ ወደ 100 ዶላር ነው፤ ዝግ፣ 35 ኦም፣ ሁለት ተነቃይ ገመድ ይዞ ይመጣል። በዚህ ዋጋ ድምፁ ከማውቃቸው ዝጎች ሁሉ የተስተካከለ ነው፤ ባስ አያሳብጥም፣ ድምፃዊውን ወደ ፊት ያመጣዋል። ትራሱ ጠባብ ስለሆነ ከሰዓት በላይ አልመቸኝም፤ ትራስ ቀይሬለት ተሻለ። ከታላቅ ወንድሙ ከኤም50ኤክስ ይልቅ እሱን እመክራለሁ፤ ተጨማሪው ገንዘብ የሚገዛው በአብዛኛው ተጨማሪ ባስ ነው።

ኤኬጂ ኬ240 ግማሽ ክፍት ነው፣ ከእነዚህ ሁሉ ርካሹ። ለማሲንቆና ለዋሽንት መልካም ነው፤ ባስ የሚወድ ሰው ግን ይከፋበታል።

ዜንሃይዘር ኤችዲ 650 እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ ክፍት ሄድፎን ነው። ለድሮ ዘፈን ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ሹሹታውን ያለዝባል፣ የሰው ድምፅ ሥጋና ደም ይለብስበታል። 300 ኦም ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። አምፕሊፋየር በእርግጥ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ኦም ብቻ አያሳይም

ሱቅ ውስጥ «ይሄ ኦሙ ትልቅ ስለሆነ ስልክ አይችለውም» ሲሉ ትሰማላችሁ። ግማሽ እውነት ነው። መታየት ያለበት ሄድፎኑ በ1 ቮልት ስንት ዴሲቤል ይጮኻል የሚለው ነው። ፋብሪካዎቹ ከሚሰጡት ቁጥር ሲሰላ ኤም40ኤክስ በ1 ቮልት 110 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። 560ኤስ 120 ኦም ሆኖ ሳለ እሱም 110 ነው። የ80 ኦሙ 770 እስከ 107፣ ኬ240 እስከ 104፣ ኤችዲ 650 እስከ 103 ይደርሳሉ። ኦሙ ከሦስት እጥፍ በላይ የሚለያየው ኤም40ኤክስና 560ኤስ በአንድ ዓይነት ቮልት እኩል ይጮኻሉ ማለት ነው።

ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሲያዳምጥ አማካዩ 75 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ ከበሮው ሲመታ ከዚያ በ20 ያህል ይዘላል። ስለዚህ ሄድፎኑን 100 ዴሲቤል ያለጭንቀት የሚያደርስ ስልክ፣ ላፕቶፕ ወይም አምፕሊፋየር ካላችሁ በቂ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ወሰን በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ከዚያ በላይ ጉልበት የሚፈልግ ሰው ጆሮውን እየሸጠ ነው።

ከአምፕሊፋየሮቹ ትንሿ የአፕል ታይፕ-ሲ ዶንግል ናት፤ በአንድ ጫፏ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ላይ የምትሰካ፣ በሌላው ሄድፎን የምትቀበል አጭር ገመድ፤ 9 ዶላር። የአሜሪካዋ 1 ቮልት ታወጣለች፣ የአውሮፓዋ ግማሹን ብቻ፤ የሚያመጣላችሁ ሰው ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። ላፕቶፕ ላይ ድምፅዋ ንጹሕ ነው። አንዳንድ አንድሮይድ ስልክ ላይ ግን ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ ስልካችሁ ላይ ሳትሞክሩ አትተማመኑባት። ለኤም40ኤክስ፣ ለ560ኤስ እና ለ770 ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም ብዬ በሙሉ ልቤ እናገራለሁ።

ቀጥሎ ያለው ፊዮ ኢ10ኬ ነው፤ ወደ 75 ዶላር። ላፕቶፕ ላይ በዩኤስቢ ይሰካል፣ ከ2 ቮልት በላይ ያወጣል፤ ኤችዲ 650ንም ቢሆን 110 ዴሲቤል ያደርስላችኋል። የባስ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፣ ለኬ240 ልክ መድኃኒቱ ነው። ከዚያ በላይ ፊዮ ኬ7 አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በ200 ዶላር የወጣ፣ ለ32 ኦም ሄድፎን ከ1 ዋት በላይ የሚሰጥ። ጠንካራ ዕቃ ነው። ኢ10ኬ እና ኬ7ን በ560ኤስ ላይ ድምፃቸውን እኩል አድርጌ ስለዋውጣቸው ግን የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። እኩል ማድረጉ ወሳኝ ነው፤ በትንሹ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፣ ሱቅ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሸወደው በዚህ ነው።

ብሉቱዝ ሄድፎን ያላችሁ ይህን ክፍል ዝለሉት፤ አምፕሊፋየሩ ውስጡ አለ።

የድሮ ሪሲቨር ወይም ሚክሰር ቤታችሁ ካለ ኤችዲ 650ን ሰክታችሁ «ባሱ ለምን አበጠ?» ልትሉ ትችላላችሁ። የብዙዎቹ የሄድፎን መውጫ የራሱ ኦም ትልቅ ነው። የሄድፎኑ ኦም ደግሞ በባስ አካባቢ ስለሚጨምር ባሱ ብቻ ተለይቶ ይነሣል። የመውጫው ኦም ከሄድፎኑ ኦም ስምንተኛውን ባያልፍ ጥሩ ነው።

መብራት

እዚህ ላይ ሐዋሳ የራሷን ፍርድ ትሰጣለች። መብራት ሲሄድ ኬ7 ይሞታል፤ ኢ10ኬ እና ዶንግሏ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ይዘፍናሉ። በሳምንት አንድ ሁለት ምሽት በሻማ ለሚያሳልፍ ሰው ይህ ከድምፅ ጥራት ያልተናነሰ ምክንያት ነው።

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ አንድ ግድግዳ ላይ የሚሰካ አምፕሊፋየር አምጥቶልኝ ነበር። አዳፕተሩን ሳላነብ ዲቫይደር ላይ ሰካሁት። ሽታው ቀድሞ መጣ፣ ከዚያ ጭሱ። ለ120 ቮልት የተሠራ ትራንስፎርመር ነበር፤ የእኛ 220 ነው። አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ካልተጻፈ አትሰኩ። ቀለል ያለው የስልክ ቻርጀር ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ይችላል፤ ከባዱ፣ ውስጡ ብረት ያለው የሚመስለው ግን አይችልም።

ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሆኖ ሄድፎኑ «እዝዝ» ካለ ወይም ብረቱ እጅን ከነዘረ ቤቱ ኤርዝ የለውም ማለት ሊሆን ይችላል። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ስሙት፤ ከጠፋ አምፕሊፋየር መቀየር ሳይሆን ኤሌክትሪሻን መጥራት ነው መፍትሔው።

ኦሪጅናል መሆኑን መለየት

በአንድ ወቅት ኤም50ኤክስ ብዬ የገዛሁት ፎርጅድ ነበር። ሳጥኑ፣ ጽሑፉ፣ ከረጢቱ ሁሉ ልክ ነው። ያጋለጠው የኤሌክትሪሻን ጎረቤቴ ቴስተር ነው። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉና አንዱን ዘንግ የጃኩ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን ከሥሩ ያለው የመጨረሻ ቀለበት ላይ አስነኩ። ኤም40ኤክስ ወደ 35፣ የ80 ኦሙ 770 ወደ 80፣ ኤችዲ 650 ወደ 300 የቀረበ ቁጥር ማሳየት አለበት። የእኔ 38 መሆን ሲገባው 24 አለ። አስመሳዮች መልኩን እንጂ ውስጡን ለመኮረጅ ብዙም አይደክሙም። ቴስተር ይዞ ሱቅ መግባት አያሳፍርም፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

ግዙልኝ ብላችሁ ስትልኩ ሙሉ ስሙን ጻፉ። ዲቲ 770 ፕሮ ብቻ ብትሉ ባለ 32፣ ባለ 80 ወይም ባለ 250 ኦም ሊመጣላችሁ ይችላል፤ መልካቸው ስለሚመሳሰል የሚገዛው ሰው አይለያቸውም። 250ው ከስልክ ጋር ይደክማል። «80 ኦም» ብላችሁ፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ከመክፈሉ በፊት ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም እንዲልክላችሁ ለምኑት።