አወራረዷን አይቼ የገዛኋት ፕራዶ

ድሬዳዋ ተቀምጦ ፎር ዊል መኪና የሚያማርጥ ሰው ከአንድ መኪና ብዙ ነው የሚጠብቀው። ዛሬ ጀልዴሳ አካባቢ በአሸዋና በድንጋይ ትሄድለታለች። ነገ የደንገጎን ዳገት ወጥታ፣ በቁልቢ፣ በጭሮና በአዋሽ አድርጋ፣ አዳማ ላይ ፈጣኑን መንገድ ትይዝለታለች። ለገጠር የምትሆነው አስፋልት ላይ ታደክማለች። ለአስፋልት የምትመቸው ደግሞ ገጠር ስትገባ ሆዷ ድንጋይ ይመታል። ሥራዬ የውሃ ፓምፕ መግጠምና መጠገን ስለሆነ አንዱን መንገድ ትቼ ሌላውን መምረጥ አልችልም። ፓምፕ፣ ኬብልና ቧንቧ ጭነን ከሠራተኞቼ ጋር ለገዲኒ እንሄዳለን፤ ዕቃ ሲጠፋ ደግሞ አዲስ አበባ እወጣለሁ። የመረጥኳት ቶዮታ ፕራዶ 120 ናት። ናፍታ፣ ማኑዋል ማርሽ። ለምን እሷን እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ የምታስመርርበትንም አልደብቅም።

እዚህ ሰው ስለ መኪና ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚለው «ደንገጎ ላይ እንዴት ናት?» ነው። አወጣጧን ማለቱ ነው። ጥያቄው ያለ ምክንያት አይደለም። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 ሜትር አካባቢ ናችሁ። ያ ሁሉ ከፍታ በአጭር ርቀት፣ በጠመዝማዛ መንገድ ነው የሚወጣው። የድሬ ሙቀትም አለ። ሳቢያን ሰፈር ያለው መካኒኬ ግን «አቦ አንቺ፣ መውጣቱን ተዪው፤ ከደከማት ቆማ ታርፋለች። አወራረዷን እዪ» አለኝ። እውነቱን ነው። ጭነት የያዘች መኪና ከላይ እስከ ታች ፍሬን እየተረገጠ ከወረደች ሸራው ይግላል፤ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። ስለዚህ መኪና ስሞክር ደንገጎን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ አወርዳታለሁ። እግሬን ከነዳጅ አነሳና ማርሹ ብቻውን ይይዛት እንደሆነ አያለሁ። ፕራዶዋ ከነክብደቷ ረጋ ብላ ወረደች። አውቶማቲክም ቢሆን ማርሹን ዝቅ አድርጎ መያዝ ይቻላል። እኔ ግን ቁልቁለት ላይ ማርሹ በእጄ ሲሆን ነው ልቤ የሚያርፈው።

ሁለተኛው ነገር ፎር ዊሉ እንዴት ነው የሚሠራው የሚለው ነው። ብዙ ሰው «ፎር ዊል ናት» ካሉት ይበቃዋል። አይበቃም። ፕራዶ 120 ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ትሄዳለች። በመሀል ያለው ዲፈረንሻል የፊቱና የኋላው ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞር ስለሚፈቅድ ደረቅ አስፋልት ላይም ችግር የለባትም። ሃርድቶፕ የምንላት ላንድክሩዘር 78 ግን በተለምዶ በኋላ ጎማ ነው የምትሄደው፤ ፎር ዊሉን የምታስገቡት አሸዋ ወይም ጭቃ ላይ ስትደርሱ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ አስገብታችሁ ከታጠፋችሁ፣ የፊትና የኋላ ጎማ የሚሄዱት ርቀት ስለሚለያይ ጥርሱና ዘንጉ ይወጣጠራል። ክረምት ላይ ቁልቢ አካባቢ ጉም ወርዶ አስፋልቱን ዝናብና ጭቃ ሲያዳልጠው፣ ምንም ሳልነካ አራቱም ጎማ መሥራቱ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ገጠር ስገባ ደግሞ የመሀሉን ዲፈረንሻል ቆልፌ ሎው፣ ማለትም የዝግታውን ማርሽ፣ አስገባለሁ። ሎው ጉልበት ይጨምራል፤ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ደግሞ በእግር የምትሄዱ ያህል ቀስ አድርጎ ያወርዳችኋል።

ሃርድቶፕን አላጣጥልም። ባለ 4.2 ሊትሩ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ቱርቦ የለው፣ የሚያስቸግር ኤሌክትሮኒክስ የለው፤ ያገኛችሁት መካኒክ ሁሉ ይፈታዋል። ከኋላ ባሌስትራ ነው፤ ጭነት አይፈራም። ሥራዬ ገጠር ብቻ ቢሆን ሌላ አላይም ነበር። ግን የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ነው፤ እስከ 120 ይፈቀዳል። ሃርድቶፕ ውስጥ 100 ላይ ሰው ለማነጋገር መጮህ ያስፈልጋል። ከኋላ ያሉት ወደ ጎን ዞረው ነው የሚቀመጡት። ከድሬ ተነስቶ ያን ሁሉ መንገድ የነዳ ሰው ጆሮውና ወገቡ ደክሞ በከባድ መኪና መሀል ሲሄድ አያምረኝም።

ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ በጣም አማልላኛለች። ትንሽ ብትመስልም ሎውና የመሀል መቆለፊያ ያላት አለች፤ ስትገዙ ግን መኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ቀላል ናት፣ አስፋልት ላይ ደስ ትላለች። የምትጭኑት ሰውና ሻንጣ ከሆነ እሷን ግዙ፤ ከልቤ ነው የምላችሁ። የኔ ጭነት ግን ብረት ነው። ራቭ ፎር ሎው የላትም። እዚህ ድሬ ውስጥ ለከዚራ ሰፈርና ለጥሩ መንገድ ትሁን፤ ለዚህ ሥራ አላሰብኳትም።

ፕራዶ 120 ከ2002 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ስትመረት ብዙ ዓይነት ሞተር ገብቶላታል። ከናፍታዎቹ ያማረጥኩት ሁለቱን ነው። አንዱ 5ኤል የሚባለው ቱርቦ የሌለው ባለ 3 ሊትር ነው። ታጋሽ ሞተር ነው፤ ጉልበቱ ግን 100 ፈረስ እንኳ አይሞላም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ከፍታ ሲጨምር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ከአዋሽ እስከ አዳማ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው ተሳቢ ተከታትሎ ነው የሚሄደው። ለመቅደም ወጥታችሁ መሀል ላይ መኪናዋ ብትሰንፍ ምን እንደሚሆን አስቡት። ስለዚህ ሁለተኛውን፣ ዲ ፎር ዲ የሚባለውን ባለ ቱርቦ ሞተር መረጥኩ። እሱ ግን ንጹህ ናፍታ ይፈልጋል። ናፍታ የሚረጩት ኢንጄክተሮቹ በከፍተኛ ግፊት ስለሚሠሩ ውሃና ቆሻሻ ቶሎ ያበላሻቸዋል። መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ናፍታ አልሞላም። ታንከሯ 87 ሊትር ስለሚይዝ ከድሬ ሞልቼ መውጣት እችላለሁ። የናፍታ ፊልትሮውን ከጊዜው አስቀድሜ ነው የማስቀይረው፣ ውሃውንም አስፈስሳለሁ። ሌላም የታወቀ ድክመት አለው። ከኢንጄክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስታረጅ ጭስ ያመልጥና ዘይቱን ያጠቁረዋል፤ ጥቀርሻው ዘይት የሚመጠጥበትን ወንፊት ይደፍነዋል። ያኔ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል። ስትገዙ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ አስከፍታችሁ ያንን ወንፊት እዩ። ከሞተር ዋጋ ጋር ሲተያይ የመካኒኩ ክፍያ ምንም አይደለም።

አሸዋ ላይ ስለ መኪናዋ ብቻ አታስቡ፤ የጎማ ንፋስ ግማሹ ሥራ ነው። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ስገባ ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. አወርደዋለሁ። ጎማው ሲተኛ የሚረግጠው ቦታ ይረዝማል፣ አሸዋውን ከመቆፈር ይልቅ በላዩ ይሄዳል። አስፋልት ላይ ከመውጣቴ በፊት ግን እሞላለሁ፤ በጎደለ ጎማ መፍጠን ጎማውን ያግለዋል። ትንሽ ኮምፕሬሰር ከክሪኩ ጋር ሁሌም መኪናው ውስጥ አለ። ሰማዩ በደንገጎ በኩል ከጠቆረ ግን ወንዝ ውስጥ አልገባም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ያደረሰውን የድሬ ሰው ያውቀዋል። ዝናቡ ተራራው ላይ ነው የሚዘንበው፣ ጎርፉ ደረቅ መሬት ላይ ቆማችሁ ይመጣባችኋል። ያንን የሚቋቋም ፎር ዊል የለም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ገበያው ላይ የሚዞረው ያው ሀገር ውስጥ ያለው ነው። በቀለም የተዋበ አሮጌ ብዙ ነው። አንድ ደላላ ያሳየኝ ፕራዶ ውጪዋ መስታወት ነበር፤ ሥሯ ስገባ ሻሲው ተበይዶ በጥቁር ቀለም ተሸፍኗል። እዚያው ተውኳት። ባህር ጠረፍ ላይ የኖረ መኪና ከሆነ ሻሲውን ጨው ይበላዋል፣ ስለዚህ በመዶሻ ጫፍ መታ መታ አድርጋችሁ ድምፁን ስሙ። ሌላው ቺንጋው ነው። ዲ ፎር ዲው የጊዜ ማስተካከያ ቺንጋ አለው፤ መቀየሪያው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። ቺንጋው ሳይቀየር መብራቱን ማጥፋት ስለሚቻል፣ መጥፋቱን አትመኑ። መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ አስቀይሩት። ሎው መግባቱንም ራሳችሁ አሸዋ ላይ ሞክሩ። ለዓመታት ያልተነካ ዘንግ ብዙ ጊዜ ደርቆ እምቢ ይላል።

አሁን የሚያስመርረኝን ልንገራችሁ። ስኮርታው፣ ማለትም ትርፍ ጎማው፣ የኋላ በር ላይ ነው የተሰቀለው፤ በርግጥ ለማውረድ ይመቻል፣ ግን በኮረኮንች ብዛት ማጠፊያው ይላላና በሩ ይንኳኳል። የፊት እግሯ ከሃርድቶፕ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ገጠር ከተመላለሳችሁ ጎሚኒና ቴስቲና (የእግሯ ላስቲኮችና መጋጠሚያዎች) ቶሎ ይበላል። ረጅም ስለሆነች ኩርባ ላይ ትጋደማለች፤ ጣሪያ ላይ ቀላል የፕላስቲክ ቧንቧ እንጂ ፓምፕ አልጭንም። ጎማ ላይ ደግሞ አትቆጥቡ። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያረጀ ጎማ በአዋሽ ሙቀት፣ በፈጣን መንገድ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ጎኑ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች መቼ እንደተሠራ ይነግሯችኋል። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ሻጩ «ጎማው አዲስ ነው» ካላችሁ ጎንበስ በሉና እሱን አንብቡ።