የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በአናጢ ዓይን

አክስቴ ያደጉት አዲስ አበባ፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነው። አሮጌ ሕንፃ ባዩ ቁጥር መለኪያቸው እሱ ነው፤ ስምንት ማዕዘኑን ይቆጥሩልዎታል፣ ታቦቱ አድዋ መዝመቱን ይተርኩልዎታል፣ ከዚያ በኋላ ነው የእርስዎን ሕንፃ የሚመለከቱት። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጅማ መጥተው «ምን የሚታይ አላችሁ?» ሲሉኝ የጅማ ንጉሥ የነበሩት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጅሬን ይዣቸው ወጣሁ።

እኔ አናጢ ነኝ። ቤተ መንግሥቱን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ከትምህርት ቤት ለጉብኝት ሄደን ሰገነቱ ላይ ስንሯሯጥ ግን እንጨቱን ልብ አላልኩትም።

ከመሐል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባጃጅ ተኮናተርን። ባለባጃጁ እስከ በሩ ሊያደርሰን ተስማምቶ፣ ዳገቱ ላይ ስንደርስ «ሞተሩ ጋለ» ብሎ አወረደን፤ ከሒሳቡ ላይ ግን አንድ ብር አልቀነሰም። አክስቴ ነጠላቸውን አገልድመው «ወደ ጊዮርጊስ እንዲህ አያስወጣም» እያሉ ቀጠሉ፤ ፒያሳ ዳገት የሌለው ይመስል። ጠንካራ ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ፤ ጠዋት ብትሄዱ ደግሞ ከላይ ሆናችሁ ከተማዋን በደንብ ታያላችሁ።

ዋናው ቤት ከምድር ቤቱ በላይ አንድ ፎቅ ያለው የእንጨት ሥራ ነው። የሕንድ ባለሙያዎች እጅ አለበት ይባላል፤ የሰገነቱን ጌጥ ለሚያይ ሰው ለማመን አያስቸግርም። እኔን የያዘኝ ግን ጌጡ አይደለም። ጅማ ላይ ዝናብ ከጀመረ አይጠግብም። ክረምት ሲገባ ደንበኞቼ «በሩ አልዘጋ አለ» እያሉ ይደውላሉ፤ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጦ ነው። ያንን ቤት የሠሩት ሰዎች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ክዳኑን ከግድግዳው አርቀው አውጥተውታል፣ ከሥሩ ሰገነቱን ዘርግተዋል፣ ዝናቡ ግድግዳውን ሳያገኘው መሬት ይወርዳል። ልጅ ሳለሁ ሰገነቱ ንጉሡ ሕዝብ የሚያዩበት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ የቤቱ ጃንጥላ ነው!

መደገፊያውን በመዳፌ ዳሰስኩት። ዘንጎቹ ከሩቅ መንታ ይመስላሉ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የአንዱ ወገብ ከጎረቤቱ ቀጠን ብሏል፤ መሮው እዚያ ላይ ትንሽ ጠልቆ ገብቷል። አናጢው ያን ቀን ቸኩሎ ይሆን? እኔም ሥራ ሲበዛብኝ እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ቆሜ ሳቅሁ። አክስቴ «ምን አገኘህ?» ሲሉኝ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ «አንተ ልጅ፣ የሞተ ሰው ስህተት ትለቅማለህ?» አሉኝ።

መስጊዱ እዚያው ግቢ አጠገብ ነው፤ ዛሬም ይሰገድበታል። አዛን ሲሰማ አክስቴ ወሬያቸውን አቋርጠው ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና እስኪያበቃ ድረስ ቆሙ። ንጉሡ ለጅማ ሐጃጆች መካ ውስጥ ማረፊያ ቤት እንዳሰናዱ ስነግራቸው «እንግዲያ ለእንግዳ የሚያስቡ ሰው ነበሩ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጊዮርጊስ ማዕዘን አላነሱም።

ዳግማዊ አባ ጅፋር (አባ ጅፋር የፈረስ ስማቸው ነው) ጅማን የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው። ለአፄ ምኒልክ ያለ ጦርነት ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን በእጃቸው አቆዩ። ጎረቤታችን ከፋ እ.ኤ.አ. በ1897 በጦር ሲያዝ ሂርማታ፣ የጅማ ትልቁ ገበያ፣ ሥራውን አላቆመም። ስለዚህ ሕንፃው እስከ ዛሬ ቆሞ ከሆነ ምስጋናው የአናጢው ብቻ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ጦር ያልደረሰበት ቤት ነው።

አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ እወቁ። እኛ ስንሄድ ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ፤ የንጉሡ ዕቃዎች የነበሩት ከተማ ውስጥ ባለው የጅማ ሙዚየም ነው። እኛ ቅደም ተከተሉን አበላሽተን አክስቴ ከክፍል ክፍል «አልጋውስ? ወንበሩስ?» እያሉ ዞሩ። መጀመሪያ ሙዚየሙን አይተን ቢሆን ኖሮ፣ ዙፋኑን በዓይነ ኅሊናችን ይዘን እንወጣ ነበር። ንጉሡ ቁመታቸው ከ2 ሜትር በላይ እንደነበር ይነገራል፤ ዙፋናቸውን ስታዩ ወሬው ከየት እንደመጣ ይገባችኋል።

ከሰዓት በኋላ ሙዚየም ስንገባ ግን አክስቴ ዙፋኑን አልፈው የጅማ በርጩማ ፊት ቆሙ። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ነው፤ ምስማር የለው፣ ኮላ የለው። እግሩ ሦስት የሆነው ደግሞ ወለሉ ምንም ያህል ቢጎረብጥ እንዳይወዛወዝ ነው፤ ባለ አራት እግር ወንበር እንዲህ አይታመንም። ይህን ነግሬ ሳልጨርስ፦

«ይኼን ትሠራልኛለህ?»

«ዙፋኑን ነው፣ እትዬ?»

«በርጩማውን ነው እንጂ! ዙፋን የት አስገባዋለሁ?»

ማክሰኞ ዕለት የዋንዛ ግንድ ገዛሁ። እርጥብ ስለሆነ እንዳይሰነጠቅ ጥላ ውስጥ አኑሬዋለሁ። አክስቴ ግን በየሳምንቱ ይደውላሉ።