የእባቤን ልብ ላገኙልኝ ሐኪም

«እባቤ የልብ በሽታ አለባት» ስል የሰማኝ ሁሉ ይስቃል። አልፈርድም፤ እኔም ድሮ ብሰማ እስቅ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት አብራኝ የኖረችው ፓይተን ከአንገቷ ዝቅ ብሎ አበጠች። ምግብም ተወች። መጀመሪያ ያየልን ሐኪም ዳበስ ዳበስ አድርጎ «የበላችው አልፈጭ ብሏት ነው፤ ይወርዳል» አለን። ሦስት ሳምንት ጠበቅን። እብጠቱ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ነው እኚህን ዶክተር ያገኘሁት። ገና ሲያይዋት «እስኪ መጀመሪያ ትሙቅ» አሉ። የተሳቢ እንስሳ ልብ እንደ ሰውነቱ ሙቀት ይፈጥናል፣ ይዘገያል፤ በርዷት የተቆጠረ ምት ያሳስታል። ስትሞቅ በጀርባዋ አጋደሟትና በሆዷ ቅርፊት ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ይኸው፣ እየው።» እብጠቱ ከፍ ዝቅ ይላል! ያን ሁሉ ቀን ምግብ ነው ያልነው ለካ ልቧ ነው።

የልብ ማዳመጫው ቅርፊቱ ላይ ሲንኮሻኮሽ እንጂ ምት አላሰማም። ጄል ቀብተው ዶፕለር የሚሉትን የደም ፍሰት በድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ አስጠጉ፤ ሽው... ሽው... የደሟ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። በአልትራሳውንድ ሲታይ፣ የእባብ ልብ ካሉት ሦስት ክፍሎች አንደኛው ተለጥጧል፤ በልቧ ሽፋን ውስጥም ውሃ ቋጥሯል። ኢንፌክሽን እንዳይሆን ብለው ደም አስመረመሩ፤ አልነበረም።

ልቤን የነካው ግን ቀጥሎ ያሉት ነው። «ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ ፉሮስማይድና ልቧን የሚያግዝ ፒሞቤንዳን እንጀምር። መጠኑን ግን በአብዛኛው ከውሻና ከድመት ተነስተን ነው የምንገምተው፤ በእባብ ላይ የተጠናው ትንሽ ነው።» ፉሮስማይድ በሰው ኩላሊት ውስጥ የሚሠራበት ጥምዝ ቱቦ እባብ ጭራሽ የለውም። ውሃዋን አብዝቶ ካደረቃት ደግሞ ዩሪክ አሲድ ይጠራቀምና ሪህ ይመጣል። ስለዚህ በየቀጠሮው ይመዝኗታል፣ ደሟን ያያሉ። እንዲህ የማያውቀውን የሚናገር ሐኪም እኔ አምነዋለሁ።

የእኔ ሥራ ሙቀቱን መጠበቅና ትንንሽ አይጥ ማብላት ነው። ፓይተን ትልቅ ነገር ከዋጠች ፈጭታ እስክትጨርስ ልቧ ለቀናት ይለፋል። እንግዳ ሲመጣ አውጥቶ ማሳየትም ቀርቷል። እውነት ለመናገር የከበደኝ ይኼ ነው።

ሰባት ወር ሆነን። አልዳነችም፤ እንደማትድንም በግልጽ ነግረውኛል። ግን ትበላለች፣ እብጠቱም ጎድሏል። ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ!

ስልካቸውን የፈለገ ኢንቦክስ ያድርገኝ። ሲሄድ ግን እንስሳውን ሞቅ አድርጎ ይውሰድ፤ አለዚያ እስኪሞቅ ድረስ ያስቀምጡታል።