ስልክ ማንሳት ለሚያስፈራችሁ፦ አንድ ምስጋናና ጥቆማ

ይህ ጽሑፍ ለአንዲት የስነ ልቦና አማካሪ ምስጋና ነው። ከኮቪድ ወዲህ ከሰው ጋር ማውራት ለከበዳችሁ ደግሞ ጥቆማ ነው። እሳቸው ማስታወቂያ ስለማይወዱ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ከወረርሽኙ በፊትም ተጫዋች የምባል ሰው አልነበርኩም። ግን ስልክ አነሳለሁ፣ ስብሰባ ላይ ሐሳብ እሰጣለሁ። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ካለ በኋላ ሥራችን ወደ ቤት ገባ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ተመችቶኝ ነበር። ካሜራ ዘግቶ፣ ማይክ አጥፍቶ መሰብሰብን የመሰለ ነገር የት ይገኛል!

ጉዱ የመጣው ሁሉም ሲከፈት ነው። ስልኬ ሲጠራ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ጠርቶ ጠርቶ ሲያበቃ «ደውለህ ነበር እንዴ?» ብዬ ቴክስት አደርጋለሁ። «በየተራ ራሳችሁን አስተዋውቁ» ከተባለማ አለቀልኝ። ተራዬ እስኪደርስ ልቤ ድው ድው ይላል፤ ከእኔ በፊት ያሉት ሰዎች ያሉትን አንዱንም አልሰማም። የገዛ ስሜን ለመናገር እኮ ነው!

«በራስህ ተማመን» ያላለኝ ሰው የለም። እሺ፣ እንዴት ተብሎ?

እኚህ አማካሪ ጋ ስሄድ ግን ምክር ከመስጠታቸው በፊት መጠይቅ ሰጡኝ። ጄምስ ማክሮስኪ የተባለ አሜሪካዊ የኮሙኒኬሽን ምሁር ያዘጋጀው ነው፤ 24 ዓረፍተ ነገሮች አሉት። በቡድን ውይይት፣ በስብሰባ፣ ከአንድ ሰው ጋር በሚደረግ ወሬና በሕዝብ ፊት ንግግር ላይ ያለውን ፍርሃት ለየብቻ ይለካል። ድምሩ ከ24 እስከ 120 ይደርሳል፤ ከ80 ካለፈ ፍርሃቱ ከፍተኛ ነው ማለት ነው። የእኔ የስብሰባው ሰማይ ነክቷል። የሁለት ሰው ወሬው ግን ያን ያህል አልነበረም። «አየህ፣ ሰው ሁሉ አይደለም የሚያስፈራህ» አሉኝ። ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ ጭራሽ ከሰው ተራ የወጣሁ መስሎኝ ነበርና።

ከዚያ ነገሩን አስረዱኝ። የሚያስፈራንን ነገር ስንሸሽ ወዲያው እፎይ እንላለን፤ ያ እፎይታ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜም ሽሽ ይለናል። ፍርሃት የሚቀንሰው ገብተን ስናየው ነው። በደህናው ጊዜ ኑሮው ራሱ እየገፋ ያስገባናል፦ ኮሪደር ላይ ሰላምታ፣ ሊፍት ውስጥ ሁለት ቃል። ለካ ልምምድ ነበሩ። በወረርሽኙ ጊዜ ግን መራቅ ደንብም ጨዋነትም ሆነና ልምምዱ ቀረ። ማስኩም የሰውን ፈገግታ ሸፈነ። የሚፈራ ሰው ደግሞ ያላየውን ነገር በክፉ ይተረጉመዋል። በቪዲዮም ያው ነው። በአካል ስናወራ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪቀጥል በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው የሚያልፈው። ኔትወርኩ ትንሽ ሲዘገይ «ምን ብዬ ነው ዝም ያሉት?» ማለት እንጀምራለን። በዚያ ላይ የገዛ ፊታችን ስክሪኑ ላይ ተደቅኗል።

በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ መጨመሩን የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ትንሽ ቀለል አለኝ።

አሁን ወደ ሥራው። የሚያስፈሩኝን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስደረደሩኝ። የመጀመሪያው አንድ ቤተ መጻሕፍት ደውሎ «ስንት ሰዓት ትዘጋላችሁ?» ማለት ነበር፤ ያውም እዚያው ፊታቸው። የምናገረውን ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር። ምንም ሳይሉ ወረቀቱን ገለበጡት። «ምን ይሆናል ብለህ ነው የፈራኸው?» አሉኝ። «ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ያነሳው ሰው ይስቅብኛል» አልኩ። እሱን ደግሞ እሳቸው ጻፉት። ላብ እያጠመቀኝ ደወልኩ። ስጨርስ የጻፉትን አነበቡልኝ።

«ሳቀ?»
«አልሳቀም።»
«ድምፅህስ?»
«ተንቀጥቅጧል።»
«ታዲያ ሰዓቱን አልነገረህም?»

ነግሮኛል። ድምፄ እየተንቀጠቀጠም ሰው እንደሚመልስልኝ እስከዚያች ደቂቃ ማንም አላሳየኝም ነበር።

ለስብሰባው የሰጡኝ የቤት ሥራ ይበልጥ ጠቀመኝ። ተራዬን ስጠብቅ ልቤን ማዳመጥ ትቼ ከእኔ በፊት የሚናገረውን ሰው እንድሰማ፣ ከተናገረው ላይም አንድ ጥያቄ እንድጠይቀው አዘዙኝ። ጆሮ ሰው ላይ ሲሆን ራስን መከታተያ ጊዜ የለም።

ተአምር አልጠብቅም፤ ዛሬም ትልቅ ስብሰባ ሲኖር ሆዴ ይላወሳል። ግን እናገራለሁ፣ ስልክም አነሳለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ውለታዎ አለብኝ።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ የቤት ሥራ ላይ ቀልድ አያውቁም። ሳትሠሩ ከሄዳችሁ ቀጠሯችሁ እሱን በመሥራት ያልቃል። መድኃኒት አያዙም፤ ሐኪም ያስፈልጋል ካሉ ራሳቸው ይልኳችኋል። ለቀጠሮ መደወል ለሚያስፈራችሁ ደግሞ በቴክስትም ይቀበላሉ። የመጀመሪያውን ብቻ ነው ታዲያ፤ ሁለተኛውን ደውላችሁ ነው የምትይዙት።