ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ ወይስ ተለዋጩ ኦክሲዴዝ?

ጦሳ ተራራ ሥር የበቀለ ገብስ ሌሊቱን በደሴ ብርድ ያድራል። ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ከወረዱ አየሩ ሌላ ነው። የሁለቱም ቦታ ሰብል ግን ማይቶኮንድሪያው (የሴሉ ጉልበት ማመንጫ) ውስጥ ኤሌክትሮንን ለኦክስጅን የሚያስረክቡ ሁለት ኢንዛይሞች አሉት።

ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ የታወቀው ነው፤ እኛም አለን። ኤሌክትሮን ሲያሳልፍ ፕሮቶን ይገፋል፣ በዚያ ሴል በጉልበትነት የሚጠቀምበት ሞለኪውል፣ ኤቲፒ፣ ይመረታል። ሳያናይድ ግን ቀጥ ያደርገዋል። የቀረውን የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ጨርሶታል።

ተለዋጩ ኦክሲዴዝ ጉደኛ ነው። ኤሌክትሮኑን በቀጥታ ዩቢኩዊኖል ከተባለው ኤሌክትሮን ተሸካሚ ሞለኪውል ተቀብሎ ለኦክስጅን ይሰጣል። ፕሮቶን አይገፋም፤ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሳያናይድም አይበግረውም። ብክነት ይመስላል አይደል? ብርድ ወይም ድርቅ ዋናውን መስመር ሲያጨናንቅ ግን ኤሌክትሮኖች ተጠራቅመው ሴል የሚጎዱ የኦክስጅን ውህዶች ይፈጠራሉ። ያኔ ይህ ኢንዛይም እንደ ፕሬዠር ድስት ማስተንፈሻ ነው። ብዙ ተክሎች ሲበርዳቸው መጠኑን ይጨምራሉ። አሩም የተባለው ተክል አንዳንድ ዘመዶች ደግሞ አበባቸውን በዚሁ ያሞቃሉ፤ ሽታው ተኖ ነፍሳት እንዲጠራ።

ነገሩ በተክል አያበቃም። የእንቅልፍ በሽታ አምጪው ትሪፓኖሶማ ብሩሲ ሰው ደም ውስጥ ሳለ የሚተነፍሰው በዚህኛው ነው። ሰው ደግሞ የለውም። መድኃኒት ፈላጊዎች ዓይናቸውን የጣሉበት ለዚህ ነው።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቂያ አንዱን ምረጥ ቢባል፣ እኔ ሁለተኛውን እላለሁ። ብርዱም ሙቀቱም በአንድ ሚኒባስ ጉዞ አሉለት። አንዱን በመርዝ ዘግቶ መለካት ግን የሌላውን አቅም እንጂ የዕለት ድርሻውን አያሳይም። ሁለቱ ኢንዛይሞች ኦክስጅን 18ን፣ ማለትም ከበድ ያለውን የኦክስጅን ዓይነት፣ እኩል ስለማይወስዱ፣ ድርሻቸው የሚለየው በእሱ ነው።