ሞቶሮላ ዙም ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ሥራው ሳያልቅ የተሸጠ ጠንካራ ታብሌት

ያገለገለ ሞቶሮላ ዙም ገዝቼ ማታ ማታ መጽሐፍ የማነብበትና ሰነድ የማገላብጥበት ካደረግሁት ወራት አልፈዋል። የእኔው ዋይፋይ ብቻ ያለው ዓይነት ሲሆን አንድሮይድ 4.1 ተጭኖበታል። ከእጄ ባልተለየባቸው በእነዚህ ወራት አንድ አስተያየት ጸንቶብኛል፦ ዙም በዕቃነቱ ጎበዝ ነው፤ የጎዳው ሥራው ሳያልቅ ለገበያ መቅረቡ ነው።

ከሚዳሰሰው ልጀምር። ስክሪኑ 10.1 ኢንች ነው፤ ክብደቱ ከ700 ግራም በጥቂቱ ያልፋል፤ ውፍረቱ ወደ 13 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ዛሬ ከሚሸጡት ጋር ሲተያይ ከባድ ነው። በቁመቱ ይዞ ለረጅም ሰዓት ማንበብ አንጓ ያደክማል፤ ስለዚህ እኔ ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ በአግድሙ እጠቀምበታለሁ። በአግድሙ ሲሆን ሁለት ገጽ ጎን ለጎን የተቀዳ የድሮ የአማርኛ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ከፍቼ ፊደሉን ሳላጎላ አነባለሁ፤ ይህን በስልክ ለማድረግ የሞከረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። የማብሪያ ቁልፉ ከጀርባው፣ ከካሜራው አጠገብ ነው የተቀመጠው። ብዙዎች በዘመኑ ነቅፈውታል። በሁለት እጅ ሲያዝ ግን አመልካች ጣት በቀጥታ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነውና ለእኔ የተመቸ ቦታ ነው።

ባትሪው የሚሞላው በዩኤስቢ ቀዳዳው ሳይሆን ቀጭን መርፌ ባለው በራሱ ቻርጀር ብቻ ነው። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ለስልክ የሚያገለግለው ፓወር ባንክ ለዙም አይሆንም። መብራት ሳለ ሞልቶ ማስቀመጥን ልማድ ማድረግ ያስፈልጋል።

ታሪኩን ሳያውቁ ይህን መሣሪያ መመዘን አይቻልም። ዙም የታየው እ.ኤ.አ. በጥር 2011 (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በላስ ቬጋሱ የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ላይ ነበር፤ የትርኢቱ ምርጥ ምርት ተብሎም ተሸልሟል። ለታብሌት ተብሎ የተሠራውን የመጀመሪያውን አንድሮይድ፣ ማለትም ሀኒኮምብ የተባለውን 3.0ን፣ ይዞ የወጣ የመጀመሪያው መሣሪያ ነው። ውስጡ የኤንቪዲያ ቴግራ 2 ፕሮሰሰር፣ 1 ጊጋባይት ራም እና 32 ጊጋባይት ማከማቻ ነበረው። ለዚያ ዓመት ይህ ከፍተኛ ነበር። የካቲት 24 ቀን በአሜሪካው የስልክ ኩባንያ በቬራይዘን በኩል ያለ ውል በ800 ዶላር፣ በሁለት ዓመት ውል በ600 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ሳምንት ሳይሞላ አፕል አይፓድ 2ን ይዞ ብቅ አለ፤ ውፍረቱ 8.8 ሚሊ ሜትር፣ መነሻ ዋጋው 500 ዶላር።

ውድቀቱን ሁሉ በዋጋው የሚያሳብቡ አሉ። እኔ አልስማማም። አቻውን ከአቻው ካነጻጸርን፣ 32 ጊጋባይትና የ3ጂ መስመር ያለው አይፓድ ወደ 730 ዶላር ነበር። በመጋቢት የወጣው ዋይፋይ ብቻ ያለው ዙም ደግሞ ተመሳሳይ ማከማቻ ካለው አይፓድ ጋር ዋጋው እኩል፣ 600 ዶላር ነበር። ገዢውን ያሸሸው በካርቶኑ ውስጥ የሌለውን ነገር እንዲከፍልበት መጠየቁ ነው። የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያው አለ፤ ግን መሸጥ ሲጀምር አይሠራም፣ የሶፍትዌር ማሻሻያ ይጠብቃል። የ4ጂ ፍጥነት ይኖረዋል ተብሏል፤ ግን ታብሌቱን ወደ አምራቹ ልኮ አሠርቶ ማስመለስ ያስፈልጋል፣ ያም የተጀመረው በመስከረም ነው። ለትልቅ ስክሪን ታስበው የተሠሩ መተግበሪያዎችም ጥቂት ነበሩ። ሞቶሮላ በዓመቱ ሁለተኛ ሩብ 440 ሺህ ያህል ታብሌቶች ለሻጮች አከፋፍሎ በሦስተኛው ሩብ ወደ 100 ሺህ ወረደ።

የሚያስቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። እኔ ዛሬ የያዝሁት ዙም ያኔ የተነገረለት ዙም ነው! ካርዱን ያነባል፤ በ2012 የደረሰው አንድሮይድ 4.1 ገጾቹን ያለ መንተፋተፍ ያንቀሳቅሳል፤ የአማርኛው ፊደል በትክክል ይታያል።

ለዚህ ካርድ ማስገቢያ የተለየ ክብር እንድሰጠው የሚያደርገኝ የወንጪና የወለንጪቲ ልጆች ታሪክ ነው። በ2012 የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ድርጅት፣ ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሚለው ስሙ የሚታወቀው፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች በየመንደሩ 20 ያህል ዙሞች ከነፀሐይ ኃይል መሙያቸው ሰጠ። አስተማሪ አልተመደበላቸውም። ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው አንዱ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን ለማግኘት አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ወሰደበት፤ በወራት ውስጥም ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ አስከፈቱት። ልጆቹ ምን እንደሠሩ ተመራማሪዎቹ ያወቁት አንድ ባለሙያ በየሳምንቱ እየሄደ የሚሞሪ ካርዱን በመቀየር ነው። ሲሸጥ በድን የነበረው ያ ቀዳዳ ኢንተርኔት በሌለበት መንደር የጥናቱ ሁሉ መተላለፊያ ሆነ።

እኔም የምጠቀምበት በዚያው መንገድ ነው፦ መጻሕፍቱን በኮምፒውተር ካርዱ ላይ እጭናለሁ፣ ታብሌቱ ያነባቸዋል። ለኢንተርኔት ግን አልመክረውም። አብሮት የመጣው ብራውዘር የዛሬዎቹን የደኅንነት ፕሮቶኮሎች ስለማይጠቀም ብዙ ገጾች አይከፈቱለትም፤ ጉግልም ለዚህ የአንድሮይድ ትውልድ የፕሌይ አገልግሎቶቹን ማዘመን በ2021 አቁሟል። የባንክ መተግበሪያም ሆነ የግል ኢሜይል በዚህ ላይ መክፈት አይገባም። ባትሪው አርጅቷል፤ ቢሆንም አንድ ምሽት ያስነብባል።

ያገለገለ ዙም ለመግዛት ያሰበ ሰው ቻርጀሩ አብሮ ካልተሰጠው ይለፈው፤ ለብቻው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሻጩ ፊት ካርድ አስገብቶ ፋይል ይክፈት፤ አንድሮይዱ 4.1 መድረሱን ከቅንብሮች ውስጥ ይይ። ለቬራይዘን ተብሎ በተሠራው ላይ ተጨማሪ ብር አይክፈል፤ ያ የ3ጂ መስመር በ2022 መጨረሻ ተዘግቷል።